መብራት ሲያታልል

(የማሽን ድምፅ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

አቅራቢ፦ ኮምቦልቻ በጨርቃ ጨርቅና በብረታ ብረት ፋብሪካዎቿ፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኢንዱስትሪ ፓርኳ ትታወቃለች። ለመሆኑ እንዲህ ባሉ ፋብሪካዎች ውስጥ መብራት አደጋ ያመጣል? አዎ።

የኤሌክትሪክ መስመራችን 50 ኸርዝ ነው። በአሮጌ ባላስት (የኤሌክትሪክ ፍሰት መቆጣጠሪያ) የሚሠራ የፍሎረሰንት መብራት በእያንዳንዱ ዑደት ሁለቴ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይናችን አያስተውለውም፤ ነገር ግን ፍጥነቱ ከርግብግቡ ጋር የገጠመ ተሽከርካሪ ማሽን የቆመ ሊመስል ይችላል። እጅ ወደ ማሽኑ የሚሰደደው ያኔ ነው።

ጥራት ያለው የኤልኢዲ መብራት ይህን መርገብገብ ያስቀራል። ፍጆታውም ትንሽ ነው፦ 10 ዋቱ የ60 ዋት ባለ ክር አምፖል ያህል ያበራል። ርካሹ ግን ራሱ ሊርገበገብ ይችላልና ሲገዙ ይጠንቀቁ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። እርስዎም ማሽን ከመንካትዎ በፊት ኃይሉ መቋረጡን ያረጋግጡ፤ በዓይንዎ ብቻ አይተማመኑ።

(ሙዚቃ)