ዋይፋዩን የበላው ማነው?
(በሠፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



በመስቀል ዋዜማ የማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ዋይፋይ ተንቀራፍፎ፣ አዲስ አበባ ያሉ ልጆቻቸው መቼ እንደሚሳፈሩ ሊጠይቁ የመጡ እናቶች በአረቅጥ ብርድ ቆመው ቆመው ተመልሰዋል። ያን ሰሞን «ፊልም የሚያወርዱት የእነ እገሌ ልጆች ናቸው» ተባለ። እኛም ሳናጣራ አምነን ነበር።

በኋላ የራውተሩን መቆጣጠሪያ ገጽ ከፍተን ብናይ፣ ትልቁን ድርሻ የወሰደው የራሳችን የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ሆኖ ተገኘ። ለካስ ማንም ሳይነካው ፕሮግራሙን እያወረደ ራሱን ሲያድስ ኖሯል! ልጆቹን ይቅርታ ጠይቀናል።

መስመራችን በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ፣ ቢበዛ በሰዓት 1.8 ጊጋ ባይት ያስተላልፋል፤ ከዚያ አይዘልም። አንዱ ሲሻማበት ሌላው መጠበቁ ነው።

ስለዚህ የየስልኩን ፍጆታ ማታ ማታ እናያለን። የምናየው ግን መጠኑን ነው እንጂ ማን ከማን ጋር ምን እንደተባባለ አይደለም። ይህን የምንለው ሐሜቱ ስለደረሰን ነው። ስም በሰሌዳ ላይ አንለጥፍም፤ ብዙ የተጠቀመውን ለብቻው እናነጋግራለን። አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች መለያ ቁጥራቸውን እየቀያየሩ ስለሚገቡ አንዱ ስልክ ሁለት ይመስለናል፤ ይህን ለማስተካከል ወጣቶቹ ያግዟችኋል።

ትልቅ ፋይል የሚያወርድ ሰው ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ይምጣ። የጽሕፈት ቤቱም ኮምፒዩተር እንደዚሁ።