መኪናው ገባ፣ ጥገናው ኬላ ላይ ቀረ

(ከዚህ በታች የምናቀርበው በመኪና አካል ጥገና ላይ የቆዩ አንድ ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ ለሙያ ጓደኞቻቸውና ለመኪና ባለንብረቶች ያደረጉትን ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች በመጠኑ አሳጥረነዋል። ‑ ዝግጅት ክፍሉ)




እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኔ የኤሌክትሪክ መኪና ጠላት አይደለሁም። ነዳጅ ማደያ በር ላይ ተሰልፎ ያደረ ሰው እንዴት ብሎ ጠላት ይሆናል? ጭስ የለውም፤ ፍሪሲዮን በላ፣ ዘይት አፈሰሰ የለም፤ መብራቱም የገዛ ወንዛችን መብራት ነው። ይህን ሁሉ የመንግሥት ቴሌቪዥን ስለሚነግረን እኔ አልደግመውም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ መኪና ሲጋጭስ? ማን ነው የሚጠግነው? በምን ዕውቀት? በምን ዕቃ? ከተጠገነ በኋላስ ልጆቻችንን ጭነን ስንሄድ ያድነናል ወይ?

እንደምታስታውሱት በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና አገር እንደማይገባ ተናገሩ። ከዚያ ቀደም ብሎም ቀረጡ ተስተካክሎ ነበር፤ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፍል፣ ጨርሶ ተፈታቶ የሚገባው ደግሞ ነጻ እንዲሆን ተወሰነ። ባለሥልጣናቱ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ሺህ በላይ መኪና መግባቱን በኩራት ነገሩን። መልካም። ስለ ማስገባት ተወራ፣ ስለ መገጣጠም ተወራ። ስለ መጠገን ግን ከእኔ ጋራዥ በር የደረሰ አንድ ገጽ ወረቀት እስከ ዛሬ አላየሁም።

ነገሩ ከሥሩ ነው

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የኤሌክትሪክ መኪና ነገር እውነትም ከሥሩ ነው። የለመድነው መኪና ከፊት ሞተር፣ ከኋላ ሰልባትዮ አለው፤ ከወለሉ ሥር ብዙ ነገር የለም። የኤሌክትሪኩ ግን ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ባለው ወለል ሥር ባትሪ ተነጥፎበታል። ከተማችን ውስጥ በብዛት የምናየውን የቮልስዋገን አይዲ ፎር ውሰዱ። የትልቁ ባትሪ ክብደት ወደ 500 ኪሎ ይጠጋል፤ የአንድ ቪትዝ ግማሽ ማለት ነው። መኪናው በጠቅላላው ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል።

መሐንዲሶቹ ይህን አውቀው ነው የሠሩት። ፊት ለፊት ሲጋጭ ችግር የለም፤ ትልቅ የሞተር ብሎክ ስለሌለ የሚጨማደድበት ቦታ ሰፊ ነው። ባትሪው ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠም በቀላሉ አይገለበጥም። ጉዳዩ ያለው ከጎን ነው። ከጎን ምሰሶ ወይም የሲኖትራክ ፓራውልት ቢመታው በበሩና በባትሪው መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ነው። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ የተጣለው ከበሮቹ ሥር በሚሄደው ረጅም ደፍ ላይ ነው። ያ ደፍ እንደ ድሮው ክፍት ቱቦ አይደለም። በጣም ጠንካራ በሆነ ብረት፣ አንዳንዱም ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በተከፋፈለ አሉሚኒየም የተሠራ ነው። እሱ ተጨማዶ የግጭቱን ጉልበት ካልዋጠ ምቱ ባትሪው ሴሎች ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ ባትላሜራ ወንድሞቼ በደንብ ስሙኝ። እኛ የለመድነው ምንድን ነው? በእሳት ማሞቅ፣ መሳብ፣ መቀጥቀጥ፣ ስቱኮ መለጠፍ፣ መቀባት። ባለንብረቱ ሲያየው እንደ አዲስ ሆኗል፤ አመስግኖ ከፍሎ ይሄዳል። ይህ ለላዳና ለአሮጌ ኮሮላ ላሜራ ያስኬድ ነበር። ዛሬ ደፉና የበሩ ምሰሶ የሚሠሩበት ብረት ግን በፋብሪካ በከፍተኛ ሙቀት ተቀርጾ ወዲያው የቀዘቀዘ ነው፤ ጥንካሬው እስከ 1,500 ሜጋ ፓስካል ይደርሳል። ያገኘው ጥንካሬ ከዚያ አቀዛቀዝ የመጣ ስለሆነ፣ በችቦ ስታሞቁት ጥንካሬው ይጠፋል። ቅርጹ ይመለሳል፤ ጉልበቱ አይመለስም። ከላይ ቀለም፣ ከውስጥ ካርቶን ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ ብረት ፋብሪካው በሚያዘው መገጣጠሚያ ተቆርጦ ይለወጣል እንጂ አይቃናም። ታዲያ ፋብሪካው የሚያዘው የት ላይ ነው? መጽሐፉ ላይ። መጽሐፉስ የት ነው? ኬላ ላይ ቀርቷል።

እነሱም በእሳት ነው የተማሩት

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። እስካሁን በውጭ አገር የተሰበሰበው መረጃ የኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚኑ የበለጠ ይቃጠላል አይልም። ነገር ግን ሲቃጠል አቃጠሉም፣ ሰዓቱም ይለያል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሼቭሮሌት ቮልት የተባለውን መኪና ከጎኑ ከምሰሶ ጋር አጋጭቶ ፈተነው። መኪናው ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈ፤ ግቢ ውስጥ አቆሙት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተቃጠለ! ሲመረመር ባትሪው ተበስቶ፣ ማቀዝቀዣ ፈሳሹ ፈስሶ አጭር ዙር ፈጥሮ ኖሯል። ጄኔራል ሞተርስ በ2012 መጀመሪያ ላይ በባትሪው ዙሪያ ያለውን አካል እንደሚያጠናክር አስታወቀ። እስቲ አስቡት፤ ያ መኪና እኛ አገር ቢሆን ኖሮ በሦስት ሳምንት ውስጥ ፓራፋንጎው ተቀብቶ፣ ምናልባትም ተሽጦ፣ የሰው ግቢ ውስጥ ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር ቆሞ ነበር።

ሁለተኛው ከሥር የሚመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ቴስላ ሞዴል ኤስ መኪኖች መንገድ ላይ የወደቀ ብረት ከሥር መቷቸው ተቃጠሉ። ሰዎቹ በሰላም ወረዱ። ኩባንያው በመጋቢት 2014 ከባትሪው ሥር የቲታኒየም ጋሻ ጨመረ። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው በአሜሪካ አስፋልት ላይ ነው። በእኛ የተቦደሰ ኮብልስቶን፣ ክዳኑ በጠፋ ማንሆልና ምልክት በሌለው የፍጥነት መቀነሻ ላይ ሆዱን የሚፈገፈግ መኪናስ? ሾፌሩ “ጓ” የሚል ድምፅ ይሰማና፣ መኪናው መሄዱን ካላቆመ መንገዱን ይቀጥላል። ከሥሩ ገብቶ የሚያይለት የለም።

ቻይናዎቹ ራሳቸው ይህን ተረድተዋል። በ2025 ያወጡት አዲሱ የባትሪ ደኅንነት ደረጃቸው ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ሞዴሎች የሚሠራ ሲሆን፣ ባትሪው ከሥሩ በ150 ጁል ጉልበት ሦስት ጊዜ ተመትቶ እንዳይቃጠልና እንዳይፈነዳ ያዛል። 15 ኪሎ ዕቃ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚያሳርፈውን ምት ያህል ነው። ቀድሞ የገቡልን መኪኖች የተሠሩት ይህ ግዴታ ከመምጣቱ በፊት ነው።

ኮከቡ የማን ነው?

ሻጮቻችን “አምስት ኮከብ አለው” ይሉናል። እውነት ነው፤ አይዲ ፎር በ2021 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓው ዩሮ ኤንካፕ አምስት ኮከብ አግኝቷል። የተፈተነው ግን ለአውሮፓ የተሠራው ነው። በብዛት ወደ እኛ የመጣው ቻይና ውስጥ ለቻይና ገበያ የተሠራው ነው። ሰባት ሰው የሚጭነው አይዲ ሲክስ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ከነጭራሹ ለሽያጭ አልቀረበም። የቻይናው መጥፎ ነው አላልኩም። የአንዱን ኮከብ አምጥቶ ለሌላው መለጠፍ ግን ሰውን ማታለል ነው። አስመጪው ያስገባውን የዚያኑን መኪና የፈተና ውጤት ያሳየን።

ኮከብ ደግሞ ለአዲስ መኪና ነው የሚሰጠው። አንዴ ተጋጭቶ በእሳት የተቃናው መኪና ስንት ኮከብ አለው? ዜሮ ይሁን ሦስት፣ የሚያውቅ የለም።

አሠራሩ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን ለጥገና እየራቀ ነው። ቴስላ ሞዴል ዋይ ላይ 70 ያህል የነበሩትን የኋላ ክፍሎች በግዙፍ ማሽን አንድ ወጥ የአሉሚኒየም ቁራጭ አድርጎ ማውጣት ጀመረ። ለፋብሪካው ርካሽ ነው፤ ግን ይሰነጠቃል እንጂ አይቃናም። ቢዋይዲ በ2022 ሲል በተባለው መኪናው የባትሪውን ክዳን የመኪናው ወለል አደረገው። አካሉ ይጠነክራል፤ ግን ባትሪው ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የሻንሲው አካል ሆነ። እንግሊዝ አገር ታቻም የተባለው የመድን ድርጅቶች የምርምር ተቋም በ2023 እንዳወጣው፣ የኤሌክትሪክ መኪና የአደጋ ጥገና ከቤንዚኑ 25 በመቶ ያህል ይወደዳል፤ 14 በመቶ ያህልም ይረዝማል። ይህ መጽሐፍ፣ ዕቃና የሠለጠነ ባለሙያ ባለበት አገር ነው። እዚህ ድሮ ሶማሌ ተራ ሄደን ያገለገለ ኮፈን እንገዛ ነበር። ለዚህኛው ምን እንገዛ? ሳጥኑ ትንሽ የተጎዳ ባትሪ ከፍቶ የሚፈትሽ ከሌለ፣ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ መኪናውን በሙሉ መጣል፣ ወይ ዐይንን ጨፍኖ መንዳት። ቤቱን ሸጦ መኪና የገዛ ሰው የቱን እንደሚመርጥ ለእናንተ አልነግራችሁም።

የጋራዡ ልጅ ሕይወት

ወገኖቼ፣ ከሁሉ የሚያሳስበኝ በቱታ የሚሠራው ልጅ ነው። አብዛኞቹ መኪኖች ባትሪያቸው ወደ 400 ቮልት ገደማ ነው፤ ቀጥተኛ ኮረንቲ። ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ እሱ ነው። ኤርባግ ሲፈነዳ መኪናው ራሱ መስመሩን እንዲቆርጥ ተደርጎ ተሠርቷል፤ በእጅ የሚቋረጥበትም ቦታ አለው። ነገር ግን መስመሩ ቢቋረጥም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ኃይል የትም አይሄድም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2020 ባወጣው ሪፖርት ለእሳት አደጋ ሠራተኞችና ለጎታቾች አደገኛ ነው ያለው ይህንኑ የቀረ ኃይል ነው። ሳይነቀል ብየዳ የሚበይድ፣ የኮረንቲ ጓንት ሳያደርግ የሚፈታ፣ ባትሪው ላዩ ላይ እያለ ቀለም ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ የሚያስገባ ልጅ በሕይወቱ እየተጫወተ ነው። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ማን አስተማረው?

ምን ይደረግ?

መንግሥት “እያጠናን ነው” እንደሚል አውቃለሁ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ቢሆንም ዛሬም አልመሸም። የምንጠይቀው ቅንጦት አይደለም።

አንደኛ፣ አስመጪና ገጣጣሚ ሁሉ የጥገና መጽሐፉን፣ የመመርመሪያ ኮምፒውተሩን ፈቃድና የአካል መለዋወጫውን ይዞ ይግባ። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ባወጣው ደንብ አምራቾች የጥገና መረጃን ለግል ጋራዦች እንዲሰጡ አስገድዷል። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ሕዝብም በ2012 ድምፅ ሰጥቶ ይህንኑ መብት አስከብሯል። እኛ ከማን እናንሳለን? ቀረጥ መቀነስ የቻለ መንግሥት ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ያቅተዋል?

ሁለተኛ፣ ደፉ፣ ምሰሶው ወይም የባትሪው ሳጥን የተጎዳ መኪና ጉዳቱ ሊብሬው ላይ ይጻፍ። ገዢ ምን እንደሚገዛ ይወቅ።

ሦስተኛ፣ ለቦሎ ምርመራ የጭስ መለኪያ ይዞ መቆም ጭስ ለሌለው መኪና ምን ይሠራል? መኪናው ወደ ላይ ይነሳ፣ ሆዱ ይታይ፣ የኮረንቲ መከላከያው ይለካ። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 100 ልኩን አስቀምጦታል፤ ተለዋዋጭና ቀጥተኛ ኮረንቲ ለተገናኙበት መስመር በእያንዳንዱ ቮልት 500 ኦም። ለ400 ቮልት 200 ሺህ ኦም ማለት ነው። መለኪያው ቤት የሚያህል ማሽን አይደለም፤ በእጅ የሚያዝ ነው።

አራተኛ፣ ለቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኞችና ለትራፊክ ፖሊሶች ሥልጠና ይሰጥ። የተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪናም ከቤትና ከሌላ መኪና 15 ሜትር ያህል ርቆ የሚቆምበት ቦታ በየክፍለ ከተማው ይዘጋጅ።

እኛስ? እኛ ደግሞ እንቢ ማለት እንልመድ። ያልሠለጠንበትን ሥራ “አምጣው፣ እናቃናዋለን” ማለት ይብቃ። ባለንብረቶችም “ብቻ ቀባልኝና ልሽጠው” አትበሉን። ያንን መኪና የሚገዛው የእናንተው ወገን ነው። መንግሥት እስኪሰማ ድረስ አንድ ነገር በእጃችን ነው፤ ደፉን በእሳት ያለማሞቅ። ከነገ ጠዋት ጀምሮ በዚህ እንስማማ።