ማን እንደቀረ የሚታወቅበት ክፍል



ስለ ጂም ሥራ በተነጋገርን ቁጥር ወሬያችን መግቢያው በር ላይ ይቀራል። ስንት አዲስ አባል እንደተመዘገበ፣ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደገባ፣ የበዓሉ ቅናሽ ምን ያህል እንደሆነ እንጠያየቃለን። በመስከረም፣ በአዲስ ዓመት ስሜት የተመዘገበው ሰው በታኅሣሥ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ሰው ነው። የቡድን ስፖርት፣ ኤሮቢክስም ይሁን ዙምባ፣ ስቴፕም ይሁን የክብደት ሥራ፣ አባሉን ደጋግሞ የሚያመጣው አብረው የሚሠሩት ሰዎች ተዋውቀው፣ አንዱ ሲቀር ሌላው «ምነው ጠፋ?» የሚልበት ደረጃ ላይ ሲደርሱ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ሃያ ሰው በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ሙዚቃ፣ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ስለሠራ ብቻ ቡድን አይሆንም። እዚያ ደረጃ ላይ መድረስ ደግሞ አሰልጣኙ አስቦና አቅዶ የሚሠራው ሥራ ነው።

ጉዳዩ የንግድ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት በ2022 ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶው፣ ማለትም ወደ 1.8 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፣ ለጤና የሚያስፈልገውን ያህል አይንቀሳቀስም ነበር። ድርጅቱ ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ይህ ምክር ለአንድ ወር ተጣድፈው የሚወጡት ግዴታ አይደለም፤ ዕድሜ ልክ የሚዘለቅ ነው። የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ለመከላከል የሚጠቅመው የዘወትር እንቅስቃሴ ነውና፣ ስፖርቱን በሁለተኛው ወር የተወ ሰው ያጣው የከፈለውን ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ገንዘብ ራሱ ሰውን እንደማያመጣ በደንብ የሚያሳይ ጥናት አለ። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪኬ ማልሜንዲየር የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ የሚገኙ የ3 ጂሞችን መዝገብ፣ የ7,752 አባላትን መግባትና መውጣት መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2006 አሳተሙ። በወር ከ70 ዶላር በላይ እየከፈሉ የተመዘገቡት አባላት በአማካይ የሚመጡት በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ነበር። ሲሰላ አንዱ ቀን ከ17 ዶላር በላይ ያስወጣቸዋል። እዚያው ጂም የ10 ጊዜ መግቢያ ቢገዙ ኖሮ አንዱን ቀን በ10 ዶላር ያገኙት ነበር። እነዚህ ሰዎች ሒሳብ የማያውቁ አልነበሩም። የተመዘገቡ ዕለት የነበራቸው ፍላጎት እውነተኛ ነበር፤ ያ ፍላጎት በሚቀጥለው ወርም ሳይቀንስ እንደሚጠብቃቸው ማመናቸው ግን ስሕተት ሆነ። የፈቃድ ኃይል ብቻውን ሲተው ይደክማል፤ አስቀድሞ የተከፈለ ብርም አይደግፈውም። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን የሰው ፈቃድ በሚደክምበት ቀን ምን ይደግፈዋል የሚለውን ነው።

የሌላ ሰው አጠገብ መገኘት ጉልበትን እንደሚጨምር ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኖርማን ትሪፕሌት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጽሑፍ ብስክሌተኞች ከሰዓት ጋር ብቻቸውን ሲሽቀዳደሙ ከሚያስመዘግቡት ፍጥነት ይልቅ ከሌሎች ጋር ሲጋልቡ የሚያስመዘግቡት እንደሚበልጥ አሳየ። ለእኛ ርዕስ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቀዛፊዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው ሙከራ ነው። 12 ቀዛፊዎች በመቅዘፊያ መሣሪያ ላይ አንድ ጊዜ ለየብቻ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በአንድ ምት አብረው ሠሩ። አብረው በሠሩ ጊዜ ሕመም የመቻል አቅማቸው ለየብቻ ከሠሩበት ጊዜ ይበልጥ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ተመራማሪዎቹም ይህን ሰውነት ራሱ ከሚያመነጨው ኢንዶርፊን ጋር አያያዙት። የሀገራችን ሯጮች ይህን ያወቁት ያለ ላብራቶሪ ነው። ማይክል ክራውሊ የተባለው አንትሮፖሎጂስት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከአትሌቶች ጋር እየሮጠ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ አትሌቶቹ ዘንድ ብቻውን የሚሮጥ ሰው እንደሚለወጥ አይታመንም፤ በጫካ ውስጥ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ በአንድ ምት መሮጥ የልምምዱ ዋና አካል ነው። እንጦጦ ላይ ለሚሠራው ሻምፒዮን ያስፈለገው ጓደኛ ከቢሮ ደክሞ ለሚመጣው የሒሳብ ሠራተኛ አያስፈልገውም ማለት አይቻልም።

ሆኖም እዚህ ላይ ቆሞ «እንግዲያው ሰውን ሰብስቦ ማሠራት ይበቃል» ማለት ስሕተት ነው፤ ክርክሬም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ሾና በርክ፣ አልበርት ካሮንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ቀደም ሲል የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው አነጻጸሩ። በእውነተኛ ቡድን፣ ማለትም አባላቱን ለማቀራረብ ታስቦ በተደራጀ ቡድን ውስጥ መሥራት ከተለመደው የጂም የጋራ ክፍል የተሻለ ውጤት ነበረው። የተለመደው የጋራ ክፍል ደግሞ ባለሙያ በስልክ ወይም በሌላ መንገድ እየተከታተለው ቤቱ ከሚሠራ ሰው የተለየ ብልጫ አላሳየም። ይህን ውጤት እያንዳንዱ የጂም ባለቤት ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል። አዳራሹን፣ መስተዋቱን፣ የድምፅ መሣሪያውን አሟልተን፣ ሰዎቹ ሳይተዋወቁ ገብተው ሳይተዋወቁ የሚወጡ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ወጪ ከአንድ የስልክ ጥሪ ያልበለጠ ዋጋ ይኖረዋል ማለት ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው ሥራ ምን እንደሆነም ይታወቃል። ኬቨን ስፒንክና ካሮን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ሙከራ የሴቶች የስፖርት ክፍል አሰልጣኞች ቡድን የማቀራረብ ዘዴ እንዲጠቀሙ አደረጉ። ለክፍሉ ስም ማውጣት፣ አባላት በአዳራሹ ውስጥ የራሳቸውን ቦታ እንዲይዙ ማድረግ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መሥራት፣ የጋራ ግብ መያዝ የመሳሰሉት ናቸው። በእነዚህ ክፍሎች አቋርጠው የሚቀሩትም ዘግይተው የሚመጡትም ቀነሱ። አንዳቸውም ብር የሚያስወጡ አይደሉም። ደግሞም ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ዕድር ስም አለው፣ የመሰብሰቢያ ቀን አለው፣ የቀረ አባል ይጠየቃል፣ የታመመ ይጎበኛል። ዕድርን ለትውልድ ያዘለቀው በመዋጮው የሚገኘው ጥቅም ብቻ ሳይሆን አባሉ እንደሚፈለግ ማወቁም ነው። ይህን በሰፈር የሚያውቅ ሕዝብ ጂም ሲገባ ቁጥር ብቻ ሆኖ መቆጠር የለበትም። አሰልጣኙ አሥር ደቂቃ ቀድሞ ቢገኝና አዲስ የመጣውን በስሙ ቢቀበለው፣ ከነባር አባል ጋር አስተዋውቆ አጠገቡ ቢያቆመው፣ በማሟሟቂያው ጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው የሚሠሩትን እንቅስቃሴ ቢያስገባ፣ ለሁለት ሳምንት የጠፋን ሰው «ደህና ነህ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ሥራው ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። ጥያቄው ግን ከልብ መሆን አለበት። የክፍያ ማስታወሻ ተለጥፎበት የሚመጣ «ናፈቅንህ» የሚል መልእክት ሰው ወዲያው ይለየዋል።

አሰልጣኞች የሚያነሡት አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። «አባሉ የሚፈልገው ላብ ነው፤ ካልከበደው የሠራ አይመስለውም፤ ወሬና ትውውቅ ክፍሉን ያለዝበዋል» ይላሉ። ጠንካራ ሥራ የሚወድ አባል መኖሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ፓንቴሌይሞን ኤኬካኪስ የተባለው የስፖርት ሥነ ልቦና ተመራማሪ ለዓመታት ያካሄዳቸው ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ የእንቅስቃሴው ክብደት ሰውየው ትንፋሹን መቆጣጠር ከሚያቅተው ደረጃ ሲያልፍ ደስታው ይወርዳል። በሥራው ላይ እያለ የከፋው ሰው ደግሞ ለመመለስ እግሩ ይከብደዋል። ጀማሪን በመጀመሪያው ቀን አድክሞ መሬት ላይ መዘርጋት የአሰልጣኝ ብቃት ማሳያ ተደርጎ መታየቱ መቆም አለበት። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ መልክ ይኑረው፤ ሦስቱም በእኩል ክብር ይታዩ፤ አሰልጣኙም ቀላሉን ራሱ ሠርቶ ያሳይ። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን በ96 ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት አንድ ነገር ልማድ እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ነበር፤ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን የሚለያይም ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት የማክበጃ ሳይሆኑ የመልመጃ ወራት ናቸው።

በዚህ ረገድ ከውጭ የመጣ መመሪያ የማይነግረን የራሳችን ጉዳይ አለ፤ እሱም ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳን ሙሉ ወር ነው። ባዶ ሆዱን ውሎ አመሻሽ ላይ የሚመጣን ሰው እንደ ወትሮው ዝለል ማለት አይገባም። በእነዚህ ወቅቶች ሰዓቱን ጾሙ ወደሚፈታበት ወይም ወደ ኢፍጣር ሰዓት ማቅረብ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ በማፍታታትና በቀላል ክብደት መሥራት፣ ከሁሉም በላይ «እየጾምክም ቢሆን ና፣ ቦታህ አለ» ብሎ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ልማዱን ለሁለት ወር ያህል አቋርጦ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ከመጀመር ይልቅ በቀላል እንቅስቃሴ ማቆየት ይሻላል።

ሌሎች ደግሞ ሙዚቃውና የአሰልጣኙ ዝና ይበቃል ይላሉ። ሙዚቃ እንደሚረዳ አልክድም። በለንደን ብሩኔል ዩኒቨርሲቲ ኮስታስ ካራጌኦርጊስ ከእንቅስቃሴው ጋር የሚሄድ ሙዚቃ በመካከለኛ ሥራ ላይ የድካም ስሜትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ነገር ግን ሙዚቃ በጆሮ ማዳመጫም ይገኛል፤ ለእሱ ሲል ታክሲ ተሰልፎ የሚመጣ ሰው የለም። ታዋቂ አሰልጣኝም አዳራሽ ይሞላል። ይሁንና አባላቱ የተሳሰሩት ከእሱ ጋር ብቻ ከሆነ፣ እሱ ወደ ሌላ ጂም ሲሄድ ክፍሉም ተከትሎት ይሄዳል። እርስ በርስ የተሳሰሩ ሰዎች ግን አዲሱን አሰልጣኝ ተቀብለው ይቆያሉ። ጎበዝ አሰልጣኝ ዓይኖች ሁሉ በእሱ ላይ ብቻ እንዲቀሩ አይፈልግም።

ከባዱ ተቃውሞ ከገንዘብ በኩል የሚመጣው ነው። አንዳንድ ባለቤት «የማይመጣ አባል ይከፍላል፣ መሣሪያም አያበላሽም፤ ሁሉም ቢመጣ አዳራሹ አይበቃም» ብሎ ያስባል። ይህ አስተሳሰብ በአሜሪካው የጂሞች ጥናት ውስጥ መሠረት ያለው ይመስላል፤ ክፍያቸው በየወሩ በራሱ የሚታደስላቸው አባላት መምጣት ካቆሙ በኋላ ውላቸውን እስኪሰርዙ በአማካይ ከሁለት ወር በላይ ይከፍሉ ነበር። ነገር ግን አባሉ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ በገዛ እጁ በሚከፍልበት ጂም ይህ ስሌት አይሠራም። እዚያ የቀረ ሰው መክፈልም አቆመ ማለት ነው፤ እሱን ለመተካት ደግሞ ማስታወቂያና ቅናሽ ያስፈልጋል። የማይሠራበት ምክንያት ይህ ብቻም አይደለም። ለጤናው ብሎ የመጣን ሰው ባለመምጣቱ ለማትረፍ መመኘት ከሙያው ክብር ጋር አይሄድም፤ ይህን ያለ ማመንታት እናገራለሁ።

በመጨረሻም ዓይነ አፋር ስለሆነው ሰው ላንሣ። መተዋወቅ፣ መጠየቅ፣ ጥንድ መሆን የሚያስጨንቀው አለ፤ ስለ ሰውነቱ የሚያፍር፣ በመስተዋቱ ውስጥ ራሱን ከጎረቤቱ ጋር የሚያነጻጽር አለ፤ ወንዶች ባሉበት መሥራት የማይመቻት ሴት አለች። ኤድዋርድ ዲሲና ሪቻርድ ራያን ባዳበሩት ንድፈ ሐሳብ ሰው በአንድ ሥራ ላይ ከውስጡ ተነሣሥቶ እንዲጸና ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ በራሱ ፈቃድ መሥራቱ፣ እንደሚችል መሰማቱና ከሌሎች ጋር መቀራረቡ። ሦስተኛውን ለማሟላት ብሎ የመጀመሪያውን የሚነጥቅ አሰልጣኝ ቡድን አልሠራም። ስለዚህ ክብደት በሰው ፊት አይመዘን፤ የአባላት ፎቶ ያለ ፈቃዳቸው አይለጠፍ፤ ከኋላ መቆም የፈለገ ከኋላ ይቁም፤ ለሴቶች ብቻ የሚሆን ሰዓት ይኑር። ስሙ መታወቁና መቅረቱ መታሰቡ ግን ዓይነ አፋሩንም አይጎዳውም፤ እንዲያውም ሳይታይ ሊጠፋ የሚችለው እሱ ነውና ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለእሱ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ጂም ባለቤቶቹ ልመለስ። አሰልጣኝ የሚከፈለው በሚያሠራበት ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ከክፍሉ በፊት አባላትን የሚቀበልበት፣ ከክፍሉም በኋላ የቀረውን የሚጠይቅበት ጊዜ ማንም ያልከፈለበት ውለታ ሆኖ ይቀራል። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚሮጥ አሰልጣኝ ይህን ውለታ እንዲውል መጠበቅም ተገቢ አይደለም። በሚቀጥለው የሥራ ውላችሁ ላይ ከእያንዳንዱ ክፍል በፊትና በኋላ ሩብ ሩብ ሰዓት ጨምራችሁ ክፈሉት፤ የአባላቱን ስም የያዘ መዝገብም በእጁ ስጡት።