ቴሌቪዥኑ እንቢ ሲል



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቴሌቪዥን ብልሽት ነው። ንግግሩ በጽሑፍም ስለሚደርሳችሁ፣ አሁን በጆሯችሁ የምትሰሙትን ኋላ እያነበባችሁ ልትሠሩበት ትችላላችሁ።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ ብዙ ቤት ገብቷል። እንቢ ሲል ታዲያ ቤቱ ይታመሳል። አንዱ ጎኑን በጥፊ ይመታዋል። ሌላው የኋላ ገመዶቹን ሁሉ ይነቃቅላል። ሦስተኛው ደግሞ ቢላዋ ይዞ የጀርባ ክዳኑን ሊከፍት ይነሣል። እኔ የምፈራው ለዚህ ለሦስተኛው ሰው ነው።

ለምን ቢባል፣ ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። እሱ ራሱ ሰው ይገድላል። ያ ጀርባው ወፍራም የሆነው የድሮው ባለቀለም ቴሌቪዥን ግን በሆዱ ውስጥ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ያመነጫል። ከሶኬት ሲነቀልም ይህ ኃይል ወዲያው አይጠፋም፤ ውስጡ ተጠራቅሞ ይቆያል። ቀጭኑ የአሁኑ ቴሌቪዥንም ቢሆን ከ300 ቮልት በላይ የሚያጠራቅም ዕቃ በውስጡ አለ። ስለዚህ «ነቅዬዋለሁ፣ ምን ያደርገኛል?» አይባልም። ከክዳኑ ውስጥ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው። የእኛ ሥራ ከክዳኑ ውጭ ያለው ነው፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ ብልሽቱ የሚገኘው እዚያው ውጭ ነው።

ቴሌቪዥኑ ጭራሹን አልነሣም ካለ፣ መጀመሪያ ከታች ያለችውን ትንሽ መብራት ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ቀይ ናት። እሷ ካልበራች ኮረንቲ አልደረሰውም ማለት ሊሆን ይችላል። የስልክ ቻርጀር አምጡና እዚያው ሶኬት ላይ ሰኩት። ስልኩም እንቢ ካለ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ አይደለም። ከማስተምራቸው እናቶች አንዷ ቴሌቪዥናቸውን በታክሲ ጭነው ጥገና ቤት ወሰዱት። ጠጋኙ ገና ሲሰካው ቦግ አለ! የተቃጠለው ለካ እቤት የቀረው ማከፋፈያ ነው። የደርሶ መልስ ታክሲ ከፍለው ተመለሱ። ሶኬቱ ወይም ማከፋፈያው ጠቁሮ፣ ሞቆ ወይም ሸትቶ ካገኛችሁት ግን አትነካኩት፤ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ማጥፊያ አጥፉና የኤሌትሪክ ሠራተኛ ጥሩ።

ቀይዋ መብራት በርታ፣ ሪሞቱ አልታዘዝ ካለስ? የባትሪ ድንጋዮቹን ለውጡ። ስትከቱ በሒሳብ ትምህርታችን ያየናቸውን የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች ተከተሉ። ሪሞቱ ራሱ ደህና መሆኑን ለማወቅ የስልካችሁን ካሜራ ክፈቱ። የሪሞቱን አፍንጫ ወደ ካሜራው አዙሩና ቁልፍ ተጫኑ። በዓይን የማይታየው ብርሃን በስልኩ ውስጥ እንደ ነጭ ወይም ሐምራዊ ነጥብ ይታያል። አንዳንድ ስልክ በጀርባው ካሜራ አያሳይም፤ በፊቱ ሞክሩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ምስሉ ጠፍቶ ሰሌዳው ላይ የፈረንጅ ጽሕፈት ይወጣል። እኛ ደግሞ የለመድነው የራሳችንን ፊደል ነው። አትደንግጡ፣ ፊደሎቹን ቁጠሩ። የመጀመሪያው ቃል 2 ፊደል፣ ሁለተኛው ቃል 6 ፊደል ከሆነ «ኖ ሲግናል» የሚል ሳይሆን አይቀርም። ትርጉሙ «ምስል አልደረሰኝም» ነው። ቴሌቪዥኑ ይህን ከጻፈ፣ እሱ በሕይወት አለ።

ምስሉ የት እንደ ቀረ ለማወቅ በሪሲቨሩ ሪሞት ሜኑ የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። የሪሲቨሩ ዝርዝር ሰሌዳው ላይ ከወጣ፣ ከሪሲቨር እስከ ቴሌቪዥን ያለው መንገድ ደህና ነው፤ ችግሩ ወደ ዲሹ ነው። ካልወጣ፣ ሪሲቨሩ መብራቱንና በመካከላቸው ያለው ገመድ አለመላላቱን እዩ። ልጆች ሲጫወቱ የመግቢያ መምረጫውን ቁልፍ ነክተውት ይሆናል። በብዙ ሪሞት ላይ ይህ ቁልፍ ቀስት የሚገባበት አራት ማዕዘን አለው። እሱን እየተጫናችሁ፣ ገመዱ ወደ ተሰካበት መግቢያ መልሱት።

ችግሩ ወደ ዲሹ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ። ከዚያ ከጀርባው በመጠምዘዝ የሚታሰረውን ገመድ ፈታችሁ ጫፉን እዩ። መካከል ያለችው ቀጭን ሽቦ በዙሪያዋ ካለው የሽቦ ጉንጉን ጋር መነካካት የለባትም። ዛፍ አድጎ ወይም አዲስ ፎቅ ተሠርቶ ሳህኑን ጋርዶት እንደሆነም ከመሬት ሆናችሁ ተመልከቱ። ከአዲስ አበባ ኢትዮሳትን የሚቀበል ሳህን ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ናይልሳትን የሚቀበለው ወደ ምዕራብ ነው። በከባድ ዝናብ ጊዜ ምስሉ ቢቆራረጥ ብልሽት አይደለም፤ ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል። በዝናብ ጣሪያ ላይ መውጣት አደራ! መብረቅ ሲያጉረመርም ገና ከሩቁ ሳለ የኮረንቲውንም የዲሹንም ገመድ ንቀሉ። መብራት በሄደ ጊዜም እንዲሁ ንቀሉ፤ ተመልሶ 5 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ሰኩ። ኮረንቲው ሲመለስ የሚያመጣው ድንገተኛ ግፊት ብዙ ዕቃ ያቃጥላል።

ድምፅ እያለ ምስል ከሌለስ? ክፍሉን አጨልሙና የእጅ ባትሪ ወደ ሰሌዳው በአግድም አብሩ። ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ የጠፋው ከኋላ የሚያበራው መብራት ነው። ይህ ይጠገናል፤ ግን በባለሙያ። ሰሌዳው ራሱ ከተሰነጠቀ ግን፣ የመለወጫው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ሊገዛ ምንም አይቀረው፤ እኔ ብሆን ገንዘቤን አላፈስበትም።

ወደ ጥገና ቤት ስትሄዱ የሆነውን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። እንዲህ፦

«ኅዳር 4። መብራት ሄዶ ሲመጣ ጠፋ። ቀይ መብራቱ ይበራል። ድምፅ አለ፣ ምስል የለም።»

ጠጋኙ ዕቃ ከለወጠ አሮጌውን ዕቃ ተቀበሉ፤ የለወጠውን ዕቃ ስምና ዋጋ በደረሰኝ ላይ ያጽፍላችሁ። ደረሰኙን እዚያው ቆማችሁ አንብቡት።

ደህና ሁኑ።