«ልጄ፣ ለማን ነው የመጣኸው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ጤና እንድናገር ሲጋብዘኝ ብዙዎቻችሁ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን ነርስ ሆኜ ዛሬ ስለ ታክሲ ልናገር ነው። ወላጆቻችን ሊጠይቁን ይመጣሉ፤ እኛ ለማኅበሩ ሥራ አገር ቤት እንገባለን፤ እህቶቻችን ለእንጀራ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። የማናውቀው ከተማ ስንደርስ መጀመሪያ ሕይወታችንን አደራ የምንሰጠው ሰው ሾፌር ነው።

እዚህ ላይ የሚጎዳን ይሉኝታችን ነው። እናቴ ልትጠይቀኝ በመጣች ጊዜ አንድ የማታውቀው ሰው በአውሮፕላን ማረፊያው አዳራሽ ውስጥ ፈገግ ብሎ ሻንጣዋን ተቀበላት። እኔ ስደርስ ተከትላው ወደ መኪና ማቆሚያው ልትወጣ በሩ ላይ ነበረች። «እማዬ፣ ለምን ተከተልሽው?» ስላት፣ «ሻንጣዬን ተሸክሞልኝ እንዴት እምቢ እለዋለሁ?» አለችኝ። እንዲህ የምትል እናት በየቤታችን አለች።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና፣ ኮሎምቢያ ከተማ፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሌሊት ኡበር ጠርታ ስትጠብቅ ሌላ መኪና አጠገቧ ቆመ። የጠራችው መኪና መስሏት ገባች፤ ተገደለችም። ፖሊስ እንደገለጸው የኋላ በሮቹ ከውስጥ እንዳይከፈቱ በሕፃናት መቆለፊያ ተዘግተው ነበር። ወላጆቿ ከሐዘናቸው ተነሥተው ለሌላው ሰው ልጅ አንድ ጥያቄ ማስተማር ጀመሩ፤ «ዋትስ ማይ ኔም?»፣ ማለትም «ስሜ ማን ነው?»

የጥያቄው ጥበብ እዚህ ላይ ነው። የተሳፋሪው ስም በእውነተኛው ሾፌር ስልክ ላይ ይታያል። እናንተ «ለአልማዝ ነው የመጣኸው?» ካላችሁ ማንም «አዎ» ይላል። ስለዚህ ስሙን እሱ ይናገር። መኪናውን የጠራው ልጃችሁ ከሆነ በልጃችሁ ስም ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። በር ከመክፈታችሁ በፊትም ሰሌዳውን፣ የመኪናውን ቀለምና የሾፌሩን ፎቶ አመሳክሩ። እንግሊዝኛ ለማያነቡ ወላጆች የሰሌዳውን ፎቶ በስልካቸው ላኩላቸው፤ ቁጥሩ እኛ የምንጠቀምበት ቁጥር ነው። ኡበር ላይ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቀውን አማራጭ ብትከፍቱ ደግሞ ሾፌሩ ከተሳፋሪው ቁጥሩን ሳይቀበል ጉዞውን ማስጀመር አይችልም።

አዳራሽ ውስጥ መጥቶ «ታክሲ ትፈልጋላችሁ?» የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ እለፉት፤ ወደ ታክሲ ተራው ሂዱ። በለንደን መንገድ ላይ እጅ ዘርግቶ ማስቆም የሚቻለው «ብላክ ካብ» የሚባለውን ታክሲ ብቻ ነው፤ ሌላው አስቀድሞ መያዝ አለበት። ዱባይ ለምትሄዱ እህቶች፣ ጣሪያቸው ሮዝ የሆነ፣ ሴቶች የሚነዷቸው፣ ለሴቶችና ለቤተሰብ የተዘጋጁ ታክሲዎች አሉ። አዲስ አበባ ላይ ኢንተርኔት ባይኖራችሁ 8294 ደውላችሁ ራይድ መጥራት ትችላላችሁ። በኮንትራት ታክሲ ከሄዳችሁ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። በስልክ የጠራችሁት ሾፌር «ትዕዛዙን ሰርዙትና በእጅ ክፈሉኝ» ቢላችሁ ግን እሺ አትበሉ፤ ከተሰረዘ ከማን ጋር ወዴት እንደሄዳችሁ መዝገብ አይኖርም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። «ከኋላ ለተቀመጠ ቀበቶ አያስፈልግም» የሚለውን አባባል ከዛሬ ጀምሮ እንተወው። በግጭት ጊዜ ቀበቶ ያላሰረ የኋላ ተሳፋሪ እንደ ድንጋይ ተወርውሮ የፊት መቀመጫውን ይመታል፤ ራሱን ይጎዳል፣ ከፊቱ ያለውንም ሊገድል ይችላል። ሕፃን ታቅፎ መሄድም ልጁን አያድነውም፤ በግጭት ኃይል ፊት የእናት ክንድ አቅም የለውም። የልጅ መቀመጫ ያለው መኪና አስቀድማችሁ እዘዙ።

መድኃኒታችሁ፣ በተለይ ኢንሱሊን፣ በእጅ ቦርሳችሁ ይሁን እንጂ ከሻንጣ ጋር አይጫን። ስልክ ቢዘጋ እንኳ እንዳትቸገሩ የምታርፉበትን አድራሻ፣ የቤተሰብ ስልክ፣ ሕመማችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት በአገሩ ቋንቋ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። የአደጋ ጊዜ ቁጥሮችንም ጨምሩበት፤ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለፖሊስ 999፣ በአገራችን ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ከመካከላችን ታክሲና ኡበር እየነዳችሁ ቤተሰብ ያስተዳደራችሁ፣ ለማኅበራችንም የምታዋጡ ብዙ ናችሁ። አንዲት ተሳፋሪ «ስሜ ማን ነው?» ብትላችሁ እንደ ስድብ አትቁጠሩት። የእናንተም እናት በሌላ ከተማ እንዲሁ እንድትጠይቅ ትፈልጋላችሁና።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዛሬ ማታ ለእናታችሁ ስትደውሉ ይህችን አንዲት ጥያቄ አስጠኗት። እንግሊዝኛውን ደጋግማችሁ አስብሏት፤ አዲስ አበባም ስትገባ «ልጄ፣ ለማን ነው የመጣኸው?» ትበል።

በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።