ለቤዝ ጊታር ጀማሪ የትኛው አምፕሊፋየር?

እሷ፦ ወንድሜ፣ ዳባት ላይ ቤዝ ጊታር የጀመረ ወጣት መለማመጃ አምፕሊፋየር ሲገዛ ምኑን ይይ?

እሱ፦ መጀመሪያ ስፒከሩን! የቤዝ ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የተራው ጊታር ግን 82። ለጊታር በተሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር ላይ ቤዝ በኃይል ከተጫወቱበት ስፒከሩ ሊቀደድ ይችላል።

እሷ፦ ዋቱስ? ሻጭ ሁሉ የሚያወራው ስለ ዋት ነው እኮ።

እሱ፦ ለቤት ውስጥ ከ15 እስከ 30 ዋት ይበቃል። ዋቱ እጥፍ ቢሆን እንኳ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። እኔ ባለ 8 ወይም ባለ 10 ኢንች ስፒከር አስቀድማለሁ። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም የግድ ነው፤ የቤዝን ድምፅ ግድግዳ አያቆመውም፣ ጎረቤት ይገባል።

እሷ፦ እኔ ደግሞ መብራቱ ያሳስበኛል። በጠፋ ቁጥር ልምምዱ መቋረጥ የለበትም፤ በባትሪም የሚሠራ ቢሆን ደስ ይለኛል። ዘመድ ከአሜሪካ ከላከለትም ይጠንቀቅ፤ የነሱ 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። ጀርባውን ሳያነብ እንዳይሰካ!

እሱ፦ በጣም ትክክል። ስልክ የሚሰካበት ካለው ደግሞ የሮሃ ባንድን ሙዚቃ ከፍቶ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ እየተከተለ ይጫወታል። ብቻውን ለሚለማመድ ልጅ ከዋቱም ከመልኩም በፊት ይህን የስልክ መሰኪያ እመርጥለታለሁ።