ሹም ከልብ ሐኪም ጎን ቢውል



የዛሬው ንግግራችን ስለ ልብ ሕመም ነው። ስለ ልብ ሕመም ብቻም አይደለም። የጤና መመሪያ የሚያወጡና ገንዘብ የሚመድቡ ሰዎች የሐኪሙን ሥራ በዓይናቸው ስለ ማየታቸውም ጭምር ነው። ሁለቱ ነገሮች በምን እንደሚገናኙ ቀስ እያልን እናያለን።

በመጀመሪያ የልብን ሥራ እንመልከት። ከሐይቁ ውሃ ስቦ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጣ ሰው የውሃ መሳቢያ ሞተር ያውቃል። ውሃው ውስጥ በሚገባው ቱቦ ጫፍ ላይ ቫልቭ አለ። ቫልቩ ውሃውን ወደ ላይ ያሳልፋል፤ ወደ ኋላ ግን አይመልስም። ቫልቩ ቢበላሽስ? ውሃው ተመልሶ ይወርዳል። ሞተሩ እያጓራ ይደክማል፤ ማሳው ግን ይደርቃል።

ልብም እንደዚሁ ናት። ደም ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚያደርጉ አራት በሮች አሏት። በሮቹ ሲጎዱ ልብ በከንቱ ትደክማለች። ልጁ ጥቂት ሮጦ ያለከልካል። ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። እያደር እግሩም ያብጣል።

ለመሆኑ በአገራችን የብዙ ልጆችን የልብ በር የሚያበላሸው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን የማንጠረጥረው ነገር ነው፤ የጉሮሮ ሕመም። ጉሮሮን ከሚያሳምሙት ጀርሞች መካከል አንዱ ዓይነት፣ በመድኃኒት ካልጠፋ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ያህል ቆይቶ በአንዳንድ ልጆች ላይ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ እብጠት ያስከትላል። ዛሬ ጉልበቱ ያብጣል፤ እሱ ሲሻለው ደግሞ ክርኑን ያመዋል። እኛም «ምች ነው፣ ይለፈው» እንላለን። በሽታው ግን እየተመላለሰ የልብን በሮች ይጎዳል። በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። ብዙ ሰው ተፋፍጎ በሚተኛበት ጠባብ ቤት ውስጥ ይበረታል።

የጉሮሮ ሕመም ሁሉ እዚህ ያደርሳል ማለታችን አይደለም። አብዛኛው በራሱ ይድናል። የትኛው መድኃኒት እንደሚያሻው ለይቶ የሚያውቅ ግን የጤና ባለሙያ ነው። እኛስ ምን እናደርጋለን? «እንጥሉ ወርዷል» ብለን ልጁን ወደ እንጥል ቆራጭ እንወስደዋለን። እንጥል መቁረጥ ጀርሙን አያጠፋም። ደም ያፈስሳል፣ ቁስል ያመረቅዛል። ከሁሉ የከፋው ግን ፔኒሲሊን የሚሰጥበትን ጊዜ ማሳለፉ ነው።

ታዲያ ሹሙ ከዚህ ነገር ምን አገናኘው?

ዶክተር በላይ አበጋዝ የተባሉ የሕፃናት የልብ ሐኪም በ1980ዎቹ መጀመሪያ የልብ ሕሙማን ልጆችን የሚረዳ ድርጅት አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ ልጆቹ ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ትልቅ ሥራ ነው። ቢሆንም ተራ የሚጠብቁት ልጆች በሺህ የሚቆጠሩ ሆነዋል።

እንግዲህ አንድ ሹም እንዲህ ያለ ሐኪም አጠገብ ከጧት እስከ ማታ ተቀመጠ እንበል። ጉብኝት አላልንም! ጉብኝትን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግቢው ይጠረጋል፣ አንሶላው ይቀየራል፣ ሹሙ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያልፋል። እኛ የምንለው ወንበር ስቦ አብሮ መዋል ነው። በአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበር የምክር ቤት አባሎችን ወደ ሥራው ቦታ እየጋበዘ ያሳያል። ሐኪሞቹ በዚህ ውስጥ የራሳቸው ጉዳይ አላቸው፤ የክፍያንም ነገር ያነሡበታል። ያም ሆኖ መልካም ልማድ ነው።

አንዲት እናት የ10 ዓመት ልጇን ይዛ ገባች እንበል። የመጣችው ከቆቃ ነው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ አዳማ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ለመሳፈሪያ ፍየል ሸጣለች፤ ያደረችው በዘመድ ቤት ነው። ሐኪሙ ማዳመጫውን የልጅቷ ደረት ላይ አድርጎ ዝም ይላል። ከዚያም «ጉሮሮዋን አሟት ያውቃል?» ብሎ ይጠይቃል። እናትየዋ «አዎን ጌታዬ፣ እንጥሏን አስቆርጠንላት ነበር» ትላለች።

ሹሙ ይህን በጆሮው ቢሰማ ምን ያስባል? ከሐኪሙ ጋር ብቻ ውሎ ቢመለስ «ሌላ የልብ ሆስፒታል እንሥራ» ሊል ይችላል። ይሠራ፤ እኛም አንጠላም። ነገር ግን ሹሙ የሐኪሙን ጥያቄ ተከትሎ፣ ልጅቷ በመጣችበት መንገድ ወደ ኋላ ቢመለስ፣ የሚደርሰው እዚሁ ቆቃ ነው።

ቆቃ ደግሞ ከሩቅ የተቆረጠ ነገር ምን እንደሚያመጣ የምታውቅ ቦታ ናት። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ከጣሊያን በተከፈለ የጦር ካሣ ተሠርቶ አለቀ። ለከተሞች መብራት ሰጠ። በሐይቁ ዳር ባሉ መንደሮች ግን ወባ ራቅ ካሉት ይልቅ እንደሚበዛ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ያን ጊዜ ከባለሥልጣኖቹ አንዱ የወባ ሐኪም ጎን ውሎ ቢሆን ኖሮ ስለ ትንኟም አብሮ ይታሰብ ነበር ይሆን? እንጃ።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ልቧ ከተነካ በኋላም ቢሆን፣ በሽታው እንዳይብስባት በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ለብዙ ዓመታት የፔኒሲሊን መርፌ መወጋት አለባት። በየወሩ አዲስ አበባ መመላለስ አትችልም። ስለዚህ መርፌው በቅርቧ ባለው ጤና ጣቢያ መገኘት ይኖርበታል። ይህን መድኃኒት የሚሠሩት ፋብሪካዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ሲያቆም እጥረት ይፈጠራል። በሌላ በኩል፣ ፔኒሲሊን ሰውነታቸው የማይቀበለው ጥቂት ሰዎች ስላሉ፣ አንዳንድ የጤና ባለሙያዎች መርፌውን መስጠት ይፈራሉ። ማሠልጠንና አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ የማን ሥራ ነው? የዚያው የሹሙ ነው።

በግንቦት 2010 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ አገሮች ይህን የልብ በሽታ እንዲከላከሉ ውሳኔ አሳልፏል። ወረቀቱ አለ። መርፌውም ከወረቀቱ ጋር አብሮ መምጣት አለበት።

እኛም የምናደርገው አለ። ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ ወደ እንጥል ቆራጭ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ። መገጣጠሚያው አብጦ የሚተኩሰውን ልጅ «ይለፈው» አንበል። ሹም ወደ ቀበሌያችን ሲመጣ ደግሞ፣ ድንኳን ተክለን ከምናስቀምጠው፣ ጤና ጣቢያ ወስደን ከወረፋው መካከል እናስቀምጠው። የጤና ባለሙያዋን ራሱ ይጠይቃት፤ «ፔኒሲሊን አለ? ባለፈው ወርስ ነበረ?»